የኅዳር ጭስ፦ ስድስት ቀን በጎጃም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሳይነጋ ነው። ሹፌሩ ማታ ደውሎ "መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል፤ ከተዘጋ ግን እንመለሳለን" ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ድሮ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ ነበር የሚጠይቀው። አሁን ጥያቄው "ክፍት ነው ወይ?" ሆኗል።

ከሕፃናት ጋር ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ባጭሩ ጦርነት ያገኛቸውን ልጆች መፈለግ ነው። ከቤተሰቡ የተለየውን እናገናኛለን። ትምህርት ያቋረጠውን እንመልሳለን። መብቱ የተነካውን ደግሞ ጉዳዩን ይዘን ደጅ እንጠናለን። ወሎም፣ አፋርም፣ ትግራይም በዚሁ ጉዳይ ተመላልሻለሁ። ጎጃም ግን የተወለድኩበት ነው። ደብረ ማርቆስ ለበዓል እንጂ ለዚህ ሥራ እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ማስታወሻ ላይ የልጅ ስም የለም። የቀበሌም ስም የለም። የትኛው ወገን ምን እንዳደረገም አልጽፍም። ስም ከወጣ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

ጎሐ ጽዮን ቁርስ በላን። ከዚያ ዓባይ በረሃ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ ልጆች አየሁ። የተቦረቦረውን አስፋልት በአፈርና በጠጠር እየሞሉ ለሹፌሮች እጃቸውን ይዘረጋሉ። ትልቁ 13 ቢሆነው ነው። ትንሹ የያዘው አካፋ ከራሱ ቁመት ይበልጣል። ሹፌራችን በመስኮት 10 ብር ጣለላቸው።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም" አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። "እህቴ፣ እነዚህ ሰኞም እዚሁ ናቸው" አለኝ።

በየኬላው ወረድን፣ ተፈተሽን፣ ተሳፈርን። በደህናው ቀን ለምሳ የሚደረስባት ማርቆስ የገባነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ጠዋት ቅዱስ ማርቆስን ተሳለምኩ። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበር የምትባለው። ያሁኑን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ደብር ነው። የእናቴ ጓደኛ ቅጽሩ ላይ አገኙኝና ጉንጬን አገላብጠው ስመው "ልጆቻችንን ልታዪልን መጣሽ አሉ" አሉኝ። በዚህ ከተማ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይገባል።

ከሰዓት ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ መምህራን ናቸው። አንዲት ነርስና አንድ የዕድር ጸሐፊም አሉ። ስለ ሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ነበር የተወያየነው። ነገሩ ሦስት ቃል ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መጀመሪያ ልጁ ምን እንደጎደለው ታያለህ። ራበው? በረደው? ሰው አለው? ከዚያ ታዳምጣለህ። በመጨረሻ ሊረዳው ከሚችል ሰው ጋር ታገናኘዋለህ።

ማዳመጡ ነው ከባዱ። ብዙ ሰው ልጅን ማጽናናት ማለት ማስወራት ይመስለዋል። "ምን አየሽ? ማን ሞተ?" ይላታል። ልጅቷ በተጠየቀች ቁጥር ያንኑ ነገር እንደገና ታያለች። እኔ የምጠይቀው "ማታ እንቅልፍ እንዴት ነው? ማን ነው አጠገብሽ የሚተኛው?" ብዬ ነው። ከዚያ ዝም እላለሁ።

ስንጨርስ አንዲት ሴት በር ላይ ጠበቀችኝ። የ8 ዓመት ልጅ በእጇ ይዛለች። የእህቷ ልጅ ናት። ቤታቸው ሲቃጠል ቆማ አይታለች። ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ካልሆነ አትናገርም።

"ማታ ማታ ትሸናለች" አለችኝ ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ገርፌያታለሁ። ትልቅ ልጅ ሆና፣ ጥጋብ መሰለኝ።"

"ፍርሃት ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም፣ እትዬ። ብትገርፊያት ፍርሃቱ ሁለት ይሆናል።"

ሴትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ አልተቆጣኋትም። በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት የራሷን ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። በዚያ ላይ ይህችን ያለማንም ዕርዳታ ተቀብላለች። መጀመሪያ አመሰገንኳት። ለልጅቷ ደግሞ አንድ ጨዋታ አሳየኋት። መዳፏን እንደ ሳህን አዘረጋኋትና "ይኼ ትኩስ ሽሮ ነው" አልኳት። "በአፍንጫሽ አሽትችው፣ ቀስ ብለሽ። አሁን እንዳያቃጥልሽ እፍ በይው፣ ቀስ ብለሽ።" አምስት ጊዜ አሸተተች። አምስት ጊዜ እፍ አለች። ትከሻዋ ወረድ አለ። ሲያስደነግጣት ትንፋሿን የምታረጋጋበት መላ ነው። ሽሮ ደግሞ የማያውቅ ልጅ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ባጃጁ እስከሚችለው አደረሰን። የቀረውን ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። ኅዳር የአጨዳ ወር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ደርሶ ተኝቷል። ልጆች ነዶ ይሸከማሉ። ልጅ በአጨዳ ወላጁን ቢያግዝ ነውር የለውም፤ ጎጃም ሁሌም እንዲህ ነው የኖረው። እነዚህ ግን አጨዳው ሲያልቅም የሚመለሱበት ክፍል የላቸውም።

ትምህርት ቤቱን ያሳየን አንድ የሒሳብ መምህር ነው። በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተው። የሌሊት ወፍ ሽታ አፍንጫችንን መታው። ከወንበሮቹ ግማሾቹ የሉም። ሰሌዳው ላይ ጽሑፍ አለ። "የክፍል ሥራ፣ ቀን 12/10/2015" ይላል። ከሥሩ አምስት የክፍልፋይ ጥያቄዎች ተደርድረዋል። ሁለቱ ተሠርተዋል። ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ የእኩል ምልክት ጽፎ አቁሟል። መምህሩ ጠጋ ብሎ አየው። በጣቱ ሊነካው ፈለገና ተወው።

"ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ" አለኝ። "እጁ ጎበዝ ነው። አሁን ወርቅ ቁፋሮ ሄዷል አሉ።"

ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ቅርንጫፉ ላይ ሽቦ ታስሯል። ዛፉ ወፍሮ ሽቦውን ውጦታል ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ነበር ደወሉ የሚንጠለጠለው። የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። የት ሄደ ስለው "ከአልጋዬ ሥር ነው" አለ። "ባወርደው ይሻላል አልኩ። አንዱ ቢመታው 'ትምህርት ተጀመረ' የሚል አለ። 'ምልክት ነው' የሚልም አለ። ይኼ ጊዜ ማስተማርም አለማስተማርም የሚያስጠይቅበት ነው።"

አማራ ክልል ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። ቁጥሩን በየስብሰባው እጠራዋለሁ። ከዚያ ሰሌዳ ፊት ከቆምኩ በኋላ ግን እንደ ድሮው መጥራት የምችል አልመሰለኝም።

ከግቢው ስንወጣ አምስት ልጆች ሲጫወቱ አገኘን። መንገዱ ላይ ገመድ ዘርግተዋል። አንደኛው ዱላ ተሸክሟል። አንዲት ትንሽ ልጅ እንሥራ ይዛ ስትመጣ "ቁሚ! መታወቂያ!" አላት። ልጅቷ እንሥራዋን አስቀምጣ ከመሬት ቅጠል ቆርጣ ሰጠችው። ገልብጦ አየው። "ከየት ነው የመጣሽው? ወደ የት ነሽ? ማን አለሽ?" ጠየቃት። ድምፁ የልጅ ድምፅ አይደለም። ሰምቶ የያዘው ድምፅ ነው።

ባልደረባዬ ሊያስቆማቸው ፈለገ። ያዝ አደረግኩት። ልጅ ያስፈራውን ነገር በጨዋታ ነው የሚያወጣው፤ ጨዋታውን ከከለከልነው ፍርሃቱ ውስጥ ይቀራል። እኔም ተሰልፌ ተራዬን ጠበቅኩ። "መታወቂያ!" ሲለኝ ቅጠሌን ሰጠሁት። "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ። "ልጆች እንዲማሩ ነው የምሠራው" ስለው ዱላውን ዝቅ አደረገና ጓደኞቹን ዞሮ አየ። "እለፊ" አለኝ።

እንሥራ የያዘችውን ልጅ ታላቅ እህቷ ልትፈልጋት መጣች። 14 ዓመቷ ነው፤ ከ6ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ለጥር ልትዳር ነው። እሷ አልነገረችኝም፣ መምህሩ ነው የነገረኝ። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። "ቲቸር፣ ትምህርት ቤቱ መቼ ነው የሚከፈተው? አባቴ ከተከፈተ አልድራትም ብሏል።"

መልስ አልነበረኝም። ስመለስ መንገዱን ሙሉ እሱን ነበር የማስበው። የአባትየው ነገር ክፋት ብቻ አይደለም። "ቤት ተቀምጣ አንድ ነገር ከምትሆንብኝ ባል ይጠብቃት" የሚል ስጋት አለበት። ለዚህ ነው ትምህርትን "ሰላም ሲሆን የምንደርስበት" ብለው የሚያሳድሩትን ሰዎች የምቃወመው። ለዚያች ልጅ የተዘጋ ክፍል ማለት ሠርግ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ዕድሜ ስንቆጥር ዋልን።

አንድ እናት ልጃቸው ጥር 2016 ላይ ከቤት ወጣ። ነሐሴ ላይ ተመለሰ። በመሀል የያዘው መሣሪያ ነው። አሁን ከጓዳ አይወጣም። አንዱ "ከዳተኛ" ይለዋል፣ ሌላው "ተዋጊ ነበር" ይለዋል። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ጢሙም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሲያዩት የ20 ዓመት ጎረምሳ ይመስላል። ሲወጣ ልጅ እንደነበር የሚመሰክርለት አንድ ወረቀት የለውም።

ብዙ ሰው ይህን ነገር አያስተውለውም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነበር። ዛሬ በጦርነት ውስጥ ያሉት ጎረምሶች ደግሞ ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ሕጉ "18 ዓመት ያልሞላው" ይላል። 18 አለመሙላቱን ግን ማን ያውቃል?

እናትየው ያውቃሉ። ቡና እያፈሉ ነበር የነገሩኝ።

"የሚሌኒየሙ ዕለት ሦስት ወር አልፎኝ ነበር" አሉ። "ጎረቤት በግ አርዶ ሽታው አላስቀምጥ ብሎኝ ትዝ ይለኛል።"

"ስለዚህ 2000 ዓ.ም ነው የተወለደው?"

"ክርስትና የተነሳው ለመድኃኔ ዓለም ነው፤ ለመጋቢቱ። በ40 ቀኑ።"

ጣቴን አወጣሁ። መጋቢት 27። ከዚያ 40 ቀን ወደ ኋላ። የካቲት 17 ወይም 18፣ 2000 ዓ.ም። እናትየውም በጣታቸው ይቆጥራሉ። ሁለታችን አንድ ቀን ላይ ደረስን። ዛሬ 16 ዓመት ከ9 ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ጥር ላይ ከቤት ሲወጣ ደግሞ 16 አልሞላውም ነበር።

ልጁ ከጓዳ ሆኖ ይሰማን ነበር ለካ። ብቅ አለ። "እኔ 18 ነው ያልኳቸው" አለ። የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፁ ነው። እናቱ ቀና ብለው ሳያዩት ስኒ አቀረቡለት።

ክርስትና አባቱ ሁለት ቤት ዘልቀው ነው የሚኖሩት። መጥተው ያንኑ ቀን ተናገሩ። ቄሱም አጥምቀውት ነበርና መሰከሩ። በሰበካ ጉባኤው ወረቀት ላይ ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ማኅተሙ ቀለሙ ደርቆ ሁለት ጊዜ ነው የተመታው። ያቺን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባኋት።

ይህች ወረቀት ምን ታደርጋለች? ኢትዮጵያ የሕፃናትን በጦርነት መሳተፍ የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም ተቀብላለች። የመንግሥት ጦር 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በቀጥታ ውጊያ እንዳያሰልፍ ይላል። ሌላ የታጠቀ ቡድን ደግሞ ጨርሶ እንዳይመለምል። የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተርም አንቀጽ 22 ላይ ያንኑ ይከለክላል። በፈረንጆቹ 2007 የወጡት የፓሪስ መርሆች ደግሞ እንዲህ ያለው ልጅ ከምንም በፊት እንደ ተጎጂ ይታይ ይላሉ። ይኼ ሁሉ ለዚህ ልጅ የሚሠራው ልጅ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ለእኔ የዛሬው ቀን ትልቁ ሥራ የአንዲት እናት የጣት ቆጠራ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

መንገድ ተዘጋ። ወደ ሉማሜ ለመሄድ ነበር ሐሳባችን። መናኸሪያ ደርሰን ተመለስን።

ዛሬ የዓለም የሕፃናት ቀን ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው በዚችው ቀን፣ ኅዳር 11 ቀን 1982 ነው። ኢትዮጵያም ብዙ አልቆየችም፤ 1983 ላይ ተቀበለችው። አንቀጽ 39ን በቃሌ ነው የማውቀው። በጦርነት የተጎዳ ልጅ በአካልም በአእምሮም እንዲያገግም፣ ወደ ማኅበረሰቡም እንዲመለስ መንግሥታት የሚቻላቸውን ሁሉ ያድርጉ ይላል። ይኼም ጤናውን፣ ለራሱ ያለውን ግምትና ክብሩን በሚጠብቅ ቦታ ይሁን ይላል። "ክብር" የሚለው ቃል እዚያ መግባቱ ሁሌም ደስ ይለኛል። ልጅ ክብር እንዳለው የሚዘነጋ ብዙ ነው።

ስለ ማርቆስ ልጆች አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስለ ልጆች መብት ነበር ስብሰባው። ሲያልቅ ኃላፊው በጓሮ በር ወጡ። አዘንኩ። ነገ እመለሳለሁ።

ማታ ላይ መምህሩ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር። ከልጅቷ አባት ጋር ጠላ ጠጥተው አውርተዋል። 18 ዓመት ያልሞላትን መዳር ወንጀል መሆኑን ነግሮታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት የሚያገባት ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ 13 ያልሞላት ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ሊቀጣ ይችላል። ሰውየው ግን ሕጉን ሰምቶ አልተመለሰም። የተመለሰው መምህሩ "ማርቆስ ያለው አጎቷ ጋ ሄዳ ትማር፣ እኔ ራሴ አደርሳታለሁ" ሲለው ነው። "እስከ ጥምቀት ልያት" ብሏል። ሠርጉ አልተሰረዘም። ተላለፈ እንጂ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እልል አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የጭስ ሽታ ነው። ኅዳር ሲታጠን! ጨርሶ ረስቼው ነበር። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ አገሩን ከጨረሰ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ማርቆስ በየደጁ ጭሳለች። ልጅ ሳለሁ እኔና ወንድሞቼ ቅጠል ለመሰብሰብ እንሽቀዳደም ነበር።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። የእሑዷ ሴትዮ ናት።

"ድረሽልኝ! አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች።"

ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ስደርስ ግቢው ጭስ በጭስ ነው። አክስትየው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንድ ጎረቤት አሮጊት እሳቱን በአፈር ሊያዳፍኑ ጎንበስ ብለዋል። "አወይ ልጄን፣ እኔን! እኔ ነኝ የለኮስኩት" ይላሉ ደጋግመው።

ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተኛሁ። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳው ጋ ተጣብቃለች። አልጎተትኳትም። "ቤቱ አልተቃጠለም" አልኳት። "አክስትሽ ደጅ ናት። ጭሱ የጥራጊ ነው።" ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ መዳፏን ዘረጋች። እኔ ምንም አላልኳትም። አሸተተች። እፍ አለች። አሸተተች። እፍ አለች።

ስትወጣ ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር ነበር። አሮጊቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው ድሩን እያነሱላት በቀስታ አጫወቷት። እናታቸው በዚያ በሽታ ጊዜ ሕፃን እንደነበሩ ነገሯት። ጭሱ በሽታ ማባረሪያ እንጂ ቤት ማቃጠያ እንዳልሆነ ነገሯት። ልጅቷ የተዳፈነውን እሳት በሩቁ አየችው።

"ነገም ይጨሳል?" አለች። ሹክሹክታ አልነበረም። ቀጭን ናት እንጂ ድምፅ ናት። አክስትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"የለም፣ ሆዴ። እንግዲህ ለዓመት ነው" አሏት አሮጊቷ።

ልጅቷ ከአመዱ ላይ የምትወጣውን የመጨረሻ ቀጭን ጭስ አየቻት። ሦስት እርምጃ ተጠጋች። ጎንበስ አለችና እፍ አለችባት።